በሰው ኮምፒዩተር የሚሠራ ኮድ፦ የጌም ተቀጽላ ደራስያን ምንጫቸውን ሊገልጡ ይገባቸዋልን?

በፌብሩዋሪ ወር 2018 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮምፒዩተር ላይ አውሮፕላን ማብረርን የሚያዘወትር አንድ ተጫዋች፣ ፍላይት ሲም ላብስ የተባለው ድርጅት የሚሸጠውን የኤርባስ ኤ320 ተቀጽላ የመጫኛ ፋይል ሲመረምር፣ ከአውሮፕላኑ ክንፍና ሞተር፣ ከአብራሪው ክፍል ሥዕልና ድምፅ ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው፣ «ቴስት» የሚል ተራ ስም የተሰጠው ትንሽ ፕሮግራም በፋይሎቹ መካከል ተቀምጦ አገኘ። ፕሮግራሙ ሲፈተሽ፣ ሰዎች በክሮም ማሰሻቸው ውስጥ ያስቀመጧቸውን የይለፍ ቃላት አንድ በአንድ እያወጣ የሚዘረግፍ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ የበረራ ጌም ወዳጆችን ሁሉ አዳረሰ።

ድርጅቱ በሰጠው ማብራሪያ፣ መሣሪያው የታሰበው በተሰረቀ መለያ ቁጥር ሥራውን በሚጭን ሌባ ላይ ብቻ መሆኑን፣ በሕጋዊ ገዢዎች ላይ ግን ሥራ ላይ እንዳልዋለ ገለጸ፤ መሣሪያው የሌለበት አዲስ መጫኛም አቀረበ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከይቅርታው በኋላም አልተዘጋም፤ ምክንያቱም ዋጋውን ከፍሎ፣ ሕጉን አክብሮ፣ አውሮፕላን ለማብረር ብቻ ብሎ ያንን ፋይል የጫነ ሰው፣ በገዛ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን እንደ ገባ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ነገሩ የተገለጠውም አንድ ሰው የታሸገውን በትዕግሥት ስለ ፈታው ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣሁት ይህንኑ ነው፤ በሌላው ጌም ላይ ሥራቸውን የሚጨምሩ፣ በማያውቁት ሰው ኮምፒዩተርም እንዲሠራ የሚልኩ ደራስያን፣ የጻፉትን ኮድ ለሁሉ ሊገልጡት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም?

ተቀጽላውና ምንጩ

ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች «ሞድ» ወይም «አድኦን» የሚሉት ተቀጽላ፣ የጌሙ ባለቤት ያልሆነ ሰው በጌሙ ላይ የሚጨምረው ሥራ ነው። አዲስ መልክዐ ምድር፣ አዲስ ሕግ፣ አዲስ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ተቀጽላው ከተሸከመው ግንድ በልጦ ራሱን የቻለ ዛፍ ይሆናል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ካውንተር ስትራይክ በ1999 በሃፍ ላይፍ ላይ የተቀጸለ የሁለት ወጣቶች ሥራ ነበረ፤ ዶታም በዋርክራፍት 3 ላይ አንድ ተጫዋች የሠራው ካርታ ነበረ። ከዚህ የተነሣ ተቀጽላን እንደ ሕፃናት መጫወቻ ቆጥሮ መናቅ አይገባም፤ ከዘመናችን ጌሞች ታላላቆቹ የተወለዱት ከዚያ ነውና።

የማናቸውም ፕሮግራም ነገር ሁለት መልክ አለው። ደራሲው በእጁ የሚጽፈው፣ ሠልጥኖ የተማረ ሰው ሊያነብበውና ሊያርመው የሚችለው ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል፤ ያ ጽሑፍ ኮምፓይል ሲደረግ ግን ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ ይለወጥና ለማሽኑ የቀና፣ ለሰው ዐይን ግን የተሰወረ ይሆናል። ምንጩ ሳይሰጠው የተለወጠውን ብቻ የሚቀበል ተጫዋች፣ በቆዳ ተሰፍቶ የተዘጋ ክታብ በአንገቱ እንዳሰረ ሰው ነው፤ ደብተራው መልካም ጸሎት ጽፎለት ይሆናል፣ ነገር ግን ባለ ክታቡ የሚያምነው ጸሐፊውን እንጂ ጽሑፉን አይደለም። ምንጩ የተገለጠ ተቀጽላ በአንጻሩ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ እንደሚነበብ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉ ባያነብበው እንኳ ማንበብ የሚችል ያነብበዋል፣ ግድፈት ያገኘም ያርመዋል።

ዱም ያስተማረው

የዚህ ክርክር ሥር የሚገኘው በ1993 ዲሴምበር ወር በወጣው ዱም በተባለው ጌም ነው። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጌሙን ሲሠራ፣ ሥዕሉን፣ ድምፁንና የቤቶቹን ንድፍ «ዋድ» በሚባል ፋይል ለብቻው አኑሮ፣ ሞተሩን ማለትም የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ለብቻው አደረገው። በዚህም ምክንያት ሞተሩን ሳይነካ አዳዲስ ደረጃዎችን መሥራት የሚችል ሰው በየአገሩ ተነሣ። የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊ ጆን ካርማክ ግን በዚህ አልተወሰነም፤ በ1997 ዲሴምበር 23 ቀን የሞተሩን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ አወጣው። ድምፁን የሚመራው ክፍል ከሌላ ሰው በፈቃድ የተገኘ ስለ ነበረ አብሮ አልወጣም፤ ካርማክ የራሱ ያልሆነውን አልሰጠም፣ የራሱን ግን አልሰሰተም።

የመጀመሪያው ፈቃድ ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል ነበረ፤ የተሻሻለውን ኮድ መልሶ ለሕዝብ የመስጠት ግዴታም አልነበረበትም። በዚህ መካከል ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ፣ ዱምን በዘመኑ አዲስ በነበሩት የሥዕል ካርዶች ላይ በሚያምር ሁኔታ የሚያሳየው «ጂ ኤል ዱም»፣ ምንጩ በደራሲው ኮምፒዩተር ብቻ ተቀምጦ ሳለ ሃርድ ዲስኩ ስለ ተበላሸ ጠፋ፤ ሥራውም በዚያው ቆመ። ኢድ ሶፍትዌር በ1999 የዱምን ምንጭ «ጂ ፒ ኤል» በሚባለው ፈቃድ እንደ ገና ሲያወጣው፣ ኮዱን ወስዶ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ያሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ እንዲገልጥ ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዱም የማይሠራበት የኮምፒዩተር ዐይነት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላም አዳዲስ ደረጃዎች ይሠሩለታል፣ የሚያንቀሳቅሱትም ከዚያ ምንጭ የተቀዱ ሞተሮች ናቸው። አንዱ ሰው ብቻውን የያዘው በአንድ ዲስክ መበላሸት ጠፋ፤ ለብዙዎች የተሰጠው ግን የወጣባቸው ማሽኖች ካረጁ በኋላ እንኳ ኖረ።

ግልጥነት በሕግ የተደነገገበት ጌም

አንዳንዶች ምንጭን መግለጥ በደራሲው መልካም ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ በ2004 የወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ነገሩን ከፈቃድ ወደ ሕግ አሻግሮታል። የዚህን ጌም ተቀጽላ ለማየት የፈለገ ሰው ምንም ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ጌሙ ወደ ተጫነበት ፎልደር ገብቶ «ኢንተርፌስ» የሚለውን፣ ከዚያም «አድኦንስ» የሚለውን ቢከፍት፣ እያንዳንዱ ተቀጽላ በየስሙ ፎልደር ተሰጥቶት ያገኘዋል። በውስጡ የተቀጽላውን አርእስት፣ የደራሲውን ስምና በተራ የሚነበቡትን ፋይሎች የሚዘረዝር አጭር ማውጫ አለ፤ ከማውጫው ቀጥሎ በሉዋ ቋንቋ የተጻፉት የኮዱ ገጾች ይከተላሉ። እነዚህን በተራ ኖትፓድ መክፈት ይቻላል። ተቀጽላው በተጫዋቹ መስኮት ላይ ምን ሣጥን እንደሚያኖር፣ ውጊያ ሲጀመር የትኛውን ቁጥር እንደሚቈጥር፣ ለጓደኞቹ ምን መልእክት እንደሚልክ ከላይ እስከ ታች ተጽፎ ይነበባል።

የጌሙ ባለቤት ብሊዛርድ በማርች 2009 ባወጣው ደንብ፣ የተቀጽላ ኮድ ፈጽሞ የሚታይ እንዲሆን፣ ሊሸፈንና ሊመሰጠር እንደማይገባው አዘዘ፤ በዚያው ደንብ ግን ተቀጽላ መሸጥን፣ በጌሙም ውስጥ ማስታወቂያ ማሳየትንና እርዳታ መለመንን ከለከለ። በዚህ ያዘኑ ደራስያን ነበሩ፤ ሥራቸውንም የተዉ አልጠፉም። እኔ ግን ሁለቱን ትእዛዛት ለይቼ ማየት እወድዳለሁ፤ ኮዱ ይታይ ማለት ለተጫዋቹ ጥበቃ ነው፤ ደራሲው ዋጋ አይጠይቅ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከግልጥነት የሚመነጭ አይደለም። የሚታይ ኮድ የጻፈ ሰው ለድካሙ ሊከፈለው አይገባም የሚል ሕግ ሕሊናም ጥበብም አይደነግጉም። ብዙ ደራስያን ግልጥነትን የሚፈሩት ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ ገመድ ታስረው ስለ ቀረቡላቸው ይመስለኛል።

የደራስያኑ ቅሬታ

የሚቃወሙትን ወገኖች ቃል በጥሞና መስማት ይገባል፤ ቅሬታቸው ከስስት ብቻ የመጣ አይደለምና። አንድ ሰው ከሥራው ሰዓት በኋላ፣ ሌሊቱን ከእንቅልፉ እየቀነሰ፣ ያለ ደመወዝ የሠራውን ሌላው በአንድ ሰዓት ቀድቶ ስሙን ለጥፎበት ቢያወጣ፣ ያዘነው ሰው በሩን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል?

በኤፕሪል 2015 ቫልቭ የተባለው የጌም ድርጅትና የስካይሪም ጌም ባለቤት ቤተዝዳ ለዚያ ጌም ተቀጽላዎች ዋጋ እንዲወጣ በፈቀዱ ጊዜ ይህ ሥጋት በገሃድ ታየ። ደራሲው ከሽያጩ የሚደርሰው 25 ከመቶ ብቻ ነበረ፤ ከዚያም በላይ፣ ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል የዓሣ ማጥመድ ሥራ የነበረው አንዱ ተቀጽላ፣ በሌላ ደራሲ የእንቅስቃሴ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው ተብሎ ክርክር ስለ ተነሣበት ከገበያው ወረደ። ገበያው ራሱ ከአራት ቀን በኋላ ተዘጋ። ነገር ግን ይህ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር የሚያስረዳው ከመገለጥ የመጣን ጉዳት ሳይሆን፣ ማን ከማን ምን በምን ውል እንደ ወሰደ በጽሑፍ ባለመወሰኑ የመጣን ብጥብጥ ነው። በሚገባ የተጻፈ ፈቃድ ቢኖር ኖሮ፣ ገና ከመጀመሪያው የትኛው ሥራ ሊሸጥ፣ የትኛው ሊሸጥ እንደማይችል በታወቀ ነበር።

የዶታ ታሪክ ደግሞ የዚህን ሌላ ፊት ያሳያል። የመጀመሪያውን ካርታ የሠራውና «ዩል» በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው ደራሲ፣ በ2004 ሥራውን ሲተው፣ የወደደ ሁሉ ያለ ፈቃዱ የራሱን ቅጂ እንዲያወጣ፣ ስሙን ብቻ እንዲያነሣለት በአጭር ቃል አስታወቀ። ልግስናው እውነተኛ ነበረ፤ ከዚያም ሌሎች ተቀብለው አሳደጉት፣ በ2013 ቫልቭ ያወጣው ዶታ 2 የተገኘው ከዚያ ዘር ነው። ነገር ግን ያ ቃል ሕጋዊ ፈቃድ ስላልነበረ፣ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ብሊዛርድና ቫልቭ በሌሎች ድርጅቶች ላይ በመሠረቱት ክስ፣ ተከሳሾቹ ደራሲው በዚያ ቃሉ መብቱን ሁሉ ትቷል ብለው ተከራከሩ፤ በ2017 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰየመው የፌዴራል ዳኛም ነገሩን በዚያ ምክንያት ሊዘጋው አልፈቀደም። በቅን ልቡና የተነገረ ጥቂት ቃል ከብዙ ዓመት በኋላ በጠበቆች መካከል የሚመነዘር ሆነ። ከዚህ የምንማረው ሥራን ለሕዝብ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ፣ አሰጣጡም በቀና ሕግ መጻፍ እንዳለበት ነው።

ደግሞም በፍጹም ዝግነትና በፍጹም ልቅነት መካከል ብዙ መንገድ አለ። ማይንክራፍት በተባለው ጌም ላይ የሥዕሉን ፍጥነት የሚጨምረው «ሶዲየም» የተባለው ተቀጽላ ለረጅም ጊዜ በነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ሲሰራጭ ቆይቶ፣ በ2024 ደራሲዎቹ ምንጩ ለሁሉ የሚነበብ እንደ ሆነ እንዲቀጥል፣ ተፎካካሪ ሥራ መሥሪያ ግን እንዳይሆን ወደሚያደርግ ሌላ ፈቃድ ተሻገሩ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ሁለተኛውም ቢሆን ተጫዋቹን በጨለማ አላስቀመጠውም። የሥዕልና የዜማ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሥዕል በማንም ኮምፒዩተር ላይ ትእዛዝ አይፈጽምምና ሠዓሊው ቢጠብቀው ተጫዋቹ አይጎዳም።

ሁለት ፈተናዎች በማይንክራፍት

ግልጥነትን የሚደግፍ ሰው ግልጥነት ያልፈታቸውን ችግሮችም በቅንነት መቀበል አለበት። በማይንክራፍት ሰርቨሮች ዘንድ ስሙ የገነነው «ቡኪት» ምንጩ ክፍት የነበረ፣ ብዙ ሰዎችም በነፃ የደከሙበት ሥራ ነበረ። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው «ክራፍት ቡኪት» የተባለው ክፍሉ ግን፣ ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ ኮድ ጋር የማይንክራፍት ሠሪ የሞያንግ የሆነውንና ለክፍት ፈቃድ ያልተሰጠውን ኮድ ቀላቅሎ ይሰራጭ ነበር። በሴፕቴምበር 2014 ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ አንዱ፣ ሥራዬ የተሰጠበት ፈቃድ ከዝግ ኮድ ጋር ተቀላቅሎ እንዲሰራጭ አይፈቅድም ሲል በቅጂ መብት ሕግ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ፋይሉም ከመሰራጨት ታገደ፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ሰርቨሮች ባለቤቶችም ግራ ተጋቡ። ሥራውን የቀጠሉት «ስፒጎት» የተባሉት ወገኖች ያገኙት ዘዴ አስተዋይነት የሞላበት ነበር፤ የተቀላቀለውን ራሱን ከመላክ ይልቅ፣ ለውጡን ብቻ ልከው ተጠቃሚው በገዛ ኮምፒዩተሩ እንዲያዋሕደው የሚያደርግ መሣሪያ ሠሩ። ተቀጽላ ሁልጊዜ በሌላው ሥራ ላይ የሚቆም በመሆኑ፣ ደራሲው የራሱን ሲገልጥ የራሱና የሌላው ድንበር የት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ፈተና የባሰ ነበር። በጁን 2023 «ፍራክቸራይዘር» ተብሎ የተሰየመ ጎጂ ፕሮግራም፣ ክፉ ሰዎች በወረሯቸው የደራስያን አካውንቶች በኩል በከርስፎርጅና በቡኪት ድረ ገጾች ላይ በተሰቀሉ ተቀጽላዎች ውስጥ ተሰውሮ ተገኘ። ፕሮግራሙ የማሰሻና የአካውንት መግቢያ ምሥጢሮችን ይሰርቅ ነበር፤ ተጫዋቹ የዲጂታል ገንዘብ አድራሻ ሲገለብጥ አድራሻውን በሌባው አድራሻ ይተካው ነበር፤ በኮምፒዩተሩ ያገኛቸውንም ጃር የሚባሉ ሌሎች የፕሮግራም ፋይሎች ይበክል ነበር። እንግዲህ ይህን አይቶ «ምንጭ ቢገለጥም ምን ጠቀመ?» የሚል ሰው እውነት አለው፤ በአንድ ስፍራ የሚነበበው ምንጭ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ተጫዋቹ የሚያወርደው የተለወጠ ፋይል የተበከለ ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የሆነውን ሁሉ ስናስተውል፣ መርዙን ፈትተው፣ አካሄዱን ተንትነው፣ የበሽታውን ምልክትና መፈለጊያ መሣሪያ ለሕዝብ ያቀረቡት ያገኙትን ሁሉ በየሰዓቱ በግልጥ የሚያወጡ ራሳቸው የተቀጽላ ደራስያን ነበሩ። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጥነት ይቅር የሚል ሳይሆን፣ ግልጥነት እስከ መጨረሻው ይዝለቅ የሚል ነው፤ የሚሰቀለው ፋይል ከተገለጠው ምንጭ የተገኘ መሆኑን ማንም ራሱ ኮምፓይል አድርጎ ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት።

የሁለት አውሮፕላኖች ነገር

ማይክሮሶፍት በኦገስት 2020 አዲሱን ፍላይት ሲሙሌተር ሲያወጣ፣ በውስጡ የነበረው የኤርባስ ኤ320 ኒዮ ብዙ ጉድለት ነበረበት። «ፍላይ ባይ ዋየር» በሚል ስም የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች ያንን አውሮፕላን ለማቅናት ተነሡ፤ ፕሮግራመሮች፣ የአውሮፕላን ሥርዐት ዐዋቂዎችና አብራሪዎችም ነበሩባቸው። ኮዳቸውን ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በጂ ፒ ኤል ፈቃድ አውጥተው፣ የኤሌክትሪኩን፣ የሃይድሮሊኩን፣ የበረራ መምሪያ ኮምፒዩተሩን ሥራ አንድ በአንድ እንደ ገና ጻፉት፤ ለተጫዋቾችም ያለ ዋጋ ሰጡት። በኋላም ትልቁን ኤርባስ ኤ380 በዚያው መንገድ ሠሩ። ተጫዋቹ የአውሮፕላኑ ባትሪ ለምን ቶሎ እንደ ደከመ ቢጠይቅ፣ የባትሪውን ሥሌት የያዘውን ፋይል ራሱ ከፍቶ ሊያነብ፣ ስሕተት ካገኘም እርማቱን ሊያቀርብ ይችላል። ያቀረበው እርማት ከመግባቱ በፊት በሌሎች ዐይን ይመረመራል፤ ማን ምን እንደ ጨመረ፣ በየትኛው ቀን እንደ ጨመረ ተመዝግቦ ይኖራል።

በመግቢያችን የተነገረው አውሮፕላንም ኤርባስ ኤ320 ነበረ። እርሱን የሠሩትም ሰዎች ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጥበባቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያ የይለፍ ቃል መሣሪያ ማንም እንዳያየው ሆኖ የገባው መጫኛው ለማንም የማይታይ ስለ ነበረ ነው። ለውጡ ሁሉ በሚመዘገብበትና በሚመረመርበት ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጠያቂ በተነሣ ነበር። የግልጥነት ትልቁ ጥቅም ሌባን መያዙ ብቻ አይደለም፤ ቅን ሰውም በንዴት ወይም በፍርሃት ወደማይገባው ሥራ እንዳይገባ ይጠብቀዋል።

በእኛም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የዚህን ፍሬ ሳያውቀው ይበላል። በማይንክራፍት መልእክት መጻፊያ ላይ የግእዝ ፊደል ሲጻፍ በነጠብጣብ ተሥሎ የሚታየው፣ ጌሙ ለልዩ ልዩ ፊደላት «ጂ ኤን ዩ ዩኒፎንት» የተባለውን ክፍት የፊደል ስብስብ ስለሚጠቀም ነው። ያ ስብስብ በ1998 ሲጀመር ማይንክራፍት ገና አልተወለደም ነበር፤ ፊደሉን በነጠብጣብ የሣሉት ሰዎች ለአማርኛ ተናጋሪ ተጫዋች ብለው አልሣሉትም፤ ለማንም እንዲሆን ስለ ገለጡት ግን ደረሰን።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጥያቄው ያለኝ መልስ፣ አዎን ሊገልጡ ይገባቸዋል የሚል ነው። መንግሥት በአዋጅ ያስገድዳቸው ማለቴ ግን አይደለም፤ የጌሙ ባለቤት በገዛ ጌሙ ላይ እንዲህ ያለ ደንብ ቢያወጣ መብቱ ነው፣ ከዚያ ውጭ ግን ነገሩ የግብረ ገብ ዕዳ ነው። ዕዳውም ከሁለት ወገን ይመጣል፤ አንደኛው ተቀጽላ የሚሠራ ሰው በሌላው ሞተር፣ በሌላው መሣሪያና በሌሎች ደራስያን ልምድ ላይ ቆሞ የሚሠራ በመሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም ሥራው በማያውቀው ሰው ኮምፒዩተር ላይ፣ የዚያ ሰው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና የባንክ ምሥጢር ባለበት ስፍራ የሚሠራ በመሆኑ ነው። የሰውን አመኔታ ያለ ማስረጃ መጠየቅ ከባድ ነገር ነው፤ ምንጩን የገለጠ ሰው ማስረጃውን አብሮ ሰጥቷል።

ለተጫዋቾችም የሚነገር አለ። ደራሲው ሥራውን ሲገልጥ ስሙን የመጠበቅ፣ የሥራውን ውል የማክበር፣ አቅም ያለውም ድካሙን በገንዘብ የመደገፍ ኀላፊነት የእነርሱ ነው፤ የተገለጠን ሥራ ስም ፍቆ እንደ ራሱ የሚያወጣ ሰው ሌላውን ደራሲ በሩን እንዲዘጋ የሚያስተምር ነውና በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ገና አሁን መግለጥ የማይሆንለት ደራሲ ቢኖር፣ ቢያንስ ሥራውን በተወ ጊዜ ኮዱ በየትኛው ፈቃድ እንደሚከፈት አስቀድሞ በጽሑፍ ይናዘዝ፤ ቅጂውንም ከራሱ ኮምፒዩተር ሌላ በታመነ ስፍራ ያኑር። ዛሬ ሥራውን የሚጀምር ወጣት ግን ይህን ሁሉ ለነገ ማቆየት የለበትም፤ የመጀመሪያውን የኮድ ፋይል በሚጽፍበት ቀን የፈቃዱንም ፋይል አብሮ ይጻፍ፣ ስሙን በራሱ ላይ ያኑር፣ ከማን ምን እንደ ወሰደም ከሥሩ ይመዝግብ።